የላይከን መለያ የመስክ ቦርሳ በጋላፓጎስ ደሴቶች፦ መነጽሩን ያዙ፣ መጽሐፉን ተዉ

ይህ ግምገማ ከአንድ የኢንተርኔት ሱቅ በ118 ዶላር የገዛሁትንና ሻጩ «የላይከን መለያ ሙሉ የመስክ ቦርሳ» እያለ የሚያስተዋውቀውን ዕቃ ይመለከታል። ቦርሳውን የሞከርኩት ሻጩ ባሰበው የአውሮፓ ጫካ ውስጥ ሳይሆን፣ ከኢኳዶር የባሕር ዳርቻ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ከእሳተ ገሞራ በተፈጠሩት የጋላፓጎስ ደሴቶች፣ በተለይም በሳንታ ክሩዝ ደሴት ነው። ፈቃድ ከነበረው የጥናት ቡድን ጋር በረዳትነት በሠራሁባቸው አምስት ሳምንታት ቦርሳው ከትከሻዬ የወረደበት ቀን የለም፤ ስለዚህ ስለ ጥንካሬውም ሆነ ስለ ድክመቱ የምጽፈው ጨው፣ ጭጋግና ፀሐይ ሲፈራረቁበት አይቼ ነው።

አስቀድሜ ዕቃው ለምን ሥራ እንደታሰበ ላስረዳ። ላይከን የምንለው በድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተለጥፎ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል ተነባብሮ ወይም ከቅርንጫፍ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ የሚታየውን፣ ብዙ ሰው ሻጋታ መስሎት የሚያልፈውን ፍጡር ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ባሌ የወጣ ሰው ከአስታ ዛፍ ላይ የሚወዛወዘውን ግራጫ ጢም ያስታውሳል፤ እሱ ላይከን ነው። ተክል ሳይሆን ፈንገስ ከአልጌ ወይም ምግቡን በብርሃን ከሚሠራ ባክቴሪያ ጋር ተዳብሎ የሚኖርበት ትዳር መሆኑን የስዊዘርላንዱ ሊቅ ሲሞን ሽቬንደነር እ.ኤ.አ. በ1867 ሲናገር በዘመኑ የነበሩ የላይከን አዋቂዎች በቁጣ ተቃውመውት ነበር። ዛሬ ነገሩ የታወቀ ከመሆኑም በላይ የስም አወጣጥ ሕጉ የላይከን ዝርያ ስም የሚጠራው ፈንገሱን እንደሆነ ደንግጓል። በዓለም ላይ ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች ወደ 20 ሺህ ይጠጋሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹን አንዱን ከሌላው የሚለያቸው ልዩነት ደግሞ በባዶ ዓይን የሚታይ አይደለም። ቦርሳው ሊሞላ የሚሞክረው ይህን ክፍተት ነው።

በውስጡ ያሉት ዕቃዎች ታጣፊ አጉሊ መነጽር፣ የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ለመፈተሻ ፈሳሾች የሚሆኑ ሁለት ባዶ የጠብታ ብልቃጦች፣ ሰንጢ፣ ሚሊሜትር የተሰመረበት አጭር ማስመሪያ፣ 50 የወረቀት ፖስታዎችና 64 ገጽ ያላት የመለያ መጽሐፍ ናቸው። የእያንዳንዳቸው ጥራት እጅግ የተራራቀ ስለሆነ ቦርሳውን በጥቅሉ ጥሩ ወይም መጥፎ ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ከሁሉም የሚበልጠው አጉሊ መነጽሩ ነው። ሦስት ሌንሶች ተጣምረው የተሠሩበት፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ ብረት ለበስ መነጽር ሲሆን በጠርዙ በኩል እንኳ ቀስተ ደመና መሰል የቀለም ጥላ አያሳይም። በሻጩ ገጽ ላይ አስተያየት ከሰጡት ገዢዎች መካከል 20 ወይም 30 እጥፍ አለመሆኑን እንደ ጉድለት የቆጠሩበት አሉ፤ እኔ ግን የሻጩ አስተዋይነት አድርጌ ወስጄዋለሁ። ባለ 10 እጥፍ መነጽር ነገሩን ከ25 ሚሊሜትር ያህል ርቀት አጥርቶ ሲያሳይ፣ ባለ 20 እጥፉ የዚያን ግማሽ መጠጋት ይጠይቃል፤ ያን ያህል ሲጠጉ የራስ ጥላ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ እጅ በትንሹ ሲንቀጠቀጥም ምስሉ ከዓይን ይሸሻል። በርካሽ ዋጋ የሚሸጡትና «30 እጥፍ» የሚል የተቀረጸባቸው መነጽሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ10 እጥፍ ብዙም የማያልፉ ናቸው። አያያዙን የሚያሳይ አንድ ሥዕል እንኳ በቦርሳው ውስጥ አለመኖሩ ግን ያሳዝናል፤ ጀማሪ ሁሉ መነጽሩን ወደ ዛፉ አስጠግቶ ራሱን ወደ ኋላ ያርቃል፣ ትክክለኛው ግን መነጽሩን ከዓይን ጋር አጣብቆ ጭንቅላትን ወደ ግንዱ ማስጠጋት ነው። ፑዌርቶ አዮራ በምትባለው ከተማ ዳርቻ ከአንድ ግንድ ጋር ግንባሬን ገጥሜ ለረጅም ጊዜ ስቆም ያዩኝ መንገደኞች የምጸልይ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አልፈውኛል።

ያ ግንድ ፓሎ ሳንቶ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ቡርሴራ ግራቬኦለንስ ሲሆን የእጣን ዛፍና የከርቤ ዛፍ ከሚመደቡበት ቤተሰብ ነው፤ ቅርንጫፉ ሲሰበር የሚወጣው ሽታ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በደረቁ የቆላ ቀበቶ ውስጥ ብዙውን ዓመት ቅጠሉን አራግፎ የሚቆም በመሆኑ ብርሃን የሚያገኘው ግንዱ ለላይከን የተዘረጋ ብራና ነው። ከባሕሩ አቅራቢያ በእሱ፣ በቁልቋሉና በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ከሚበቅሉት መካከል ራማሊናና ሮቼላ የሚባሉት ሁለት ወገኖች አሉ፤ ሁለቱም ግራጫማ፣ ሁለቱም እንደ ጠባብ ጥብጣብ የሚንጠለጠሉ በመሆናቸው ጀማሪን ያሳስታሉ። መነጽሩ የዋጋውን ያህል መጥቀሙ የታየኝ እዚህ ላይ ነው። የላይኛውን ቆዳ በጥፍር ወይም በሰንጢ ጫፍ በስሱ ሲፍቁት፣ ራማሊና ከሥሩ የሣር አረንጓዴ ሲያሳይ ሮቼላ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ያሳያል፤ ምክንያቱም በሮቼላ ውስጥ የሚኖረው ትሬንቴፖሊያ የሚባለው አልጌ ብርቱካንማ ቀለም በውስጡ ስለሚያከማች ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት ከሁሉ የሚጠቅም ዘዴ ይህ ሲሆን፣ ከመጽሐፏ 64 ገጾች በአንዱም ላይ አልተጠቀሰም።

የአልትራቫዮሌት ባትሪውም የሚመሰገን ነው። በገበያ ላይ የሚበዙት ርካሾቹ 395 ናኖሜትር የሚሉት ሲሆኑ ከማይታየው ጨረር ጋር ብዙ ወይን ጠጅ ብርሃን ስለሚለቁ ደካማ ፍካት ይሸፍናሉ፤ ይኼኛው ግን 365 ናኖሜትር ሲሆን የሚታየውን ብርሃን የሚያስቀር ጥቁር መስተዋት ፊቱ ላይ ተገጥሞለታል። ጥቅሙን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። በሞቃታማው ዓለም ከዳር እስከ ዳር የሚገኝ ፒክሲኔ ኮኮይስ የሚባል ግራጫ ቅጠል መሰል ላይከን አለ፤ ከዲሪናሪያ ወገኖች ጋር በአንድ ግንድ ላይ ጎን ለጎን ሲበቅሉ በቀን ብርሃን መለየት አስቸጋሪ ነው። ባትሪው ሲበራባቸው ግን ፒክሲኔ ቆዳው ላይ ሊኬክሳንቶን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው እንደ ሎሚ ቢጫ ይፈካል፣ ዲሪናሪያው በአብዛኛው እንደ ጨለመ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ጠርዙን ገልብጦ በመነጽር ማረጋገጥ ይቻላል፤ ፒክሲኔ ከሥሩ ክር መሰል መያዣዎች አሉት፣ ዲሪናሪያ የለውም። በኋላ በማይክሮስኮፕ ስንመረምራቸው በባትሪው ከለየኋቸው 23 ናሙናዎች የተሳሳትኩት በሁለቱ ብቻ ነበር። የባትሪው ድንጋይ ቻርጅ የሚደረግ ሆኖ ሁለት ሰዓት ያህል ያሠራል። ብቸኛው ቅሬታዬ ከባትሪው ጋር የዓይን መከላከያ መነጽር አለመኖሩ ነው፤ ይህን ያህል ጠንካራ ጨረር ለዓይን ጎጂ ስለሆነ ሻጩ ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ሊጽፍበት ይገባ ነበር።

ስለ ብልቃጦቹ ግን ተመሳሳይ ምስጋና ማቅረብ አልችልም። ላይከንን በኬሚካል ጠብታ መፈተን የተጀመረው የፊንላንዱ የላይከን ሊቅ ዊልያም ኒላንደር እ.ኤ.አ. በ1866 ባስተዋወቀው ዘዴ ሲሆን እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተለወጠም። «ኬ» የሚባለው የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ነው፤ «ሲ» የሚባለው ደግሞ ማንኛውም ሱቅ ውስጥ የሚገኘው በረኪና ነው። ጠብታዋ በቆዳው ወይም በውስጠኛው ነጭ ክፍል ላይ ስታርፍ የሚታየው ቢጫ፣ ቀይ ወይም ሐምራዊ ቀለም ፈንገሱ የትኛውን አሲድ እንደሚሠራ ይጠቁማል። ሦስተኛው «ፒዲ» የሚባለው በጥቁር ሂናና በፀጉር ማቅለሚያ ውስጥ ያለው፣ ቆዳን ክፉኛ የሚያስቆጣ መርዛማ ነገር በመሆኑ ሻጩ በቦርሳው ውስጥ አለማካተቱ ትክክል ነው። ብልቃጦቹ ባዶ ሆነው መላካቸውም አያስወቅስም፣ በረኪና ይዞ አውሮፕላን መሳፈር አይቻልምና። የሚያስወቅሰው ብልቃጦቹ ብርሃን አሳላፊ መሆናቸው ነው።

በረኪና በብርሃንና በሙቀት ኃይሉን ቶሎ ያጣል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ቢሆንም በሁለተኛው ሳምንት ብልቃጡን በቦርሳው የውጭ ኪስ ውስጥ አድርጌ አራት ቀን ከፀሐይ በታች አዞርኩት። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን በሰበሰብኳቸው 11 ፖስታዎች ላይ «ሲ፦ ለውጥ የለም» ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍኩ። ስህተቱ የተገለጠልኝ በአራተኛው ቀን ማታ የሮቼላ ቁራጭ ላይ አንጠባጥቤ ምንም ቀይ ሳይወጣ በቀረ ጊዜ ነበር። ሮቼላ በውስጡ ባሉት ኤሪትሪንና ሌካኖሪክ አሲድ ምክንያት በበረኪና ጠብታ መቅላት ያለበት በመሆኑ፣ የሞተው የላይከኑ ኬሚካል ሳይሆን የብልቃጤ በረኪና እንደነበረ ወዲያውኑ ገባኝ። 11ዱንም እንደገና ፈተንኩ፤ አራቱ ቀሉ። ቦርሳውን ለሚገዛ ሰው የምመክረው ብልቃጦቹን ጥቁር ወይም ቡናማ በሆኑ እንዲተካ፣ በረኪናውን በየሁለት ቀኑ እንዲለውጥ፣ በየጠዋቱም አስቀድሞ በሚያውቀው ናሙና ላይ እንዲሞክር ነው። ጠብታውን በብልቃጡ ከማፍሰስ ይልቅ በስቴኪኒ ጫፍ ማስነካቱም ናሙናውን ከማበላሸት ያድናል።

ሮቼላን ካነሳሁ ዘንድ በእነዚህ ደሴቶች ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከእሱ ወገኖች በአሞኒያ እየተብላላ የሚወጣው ኦርቺላ የተባለ ሐምራዊ ማቅለሚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የንግድ ዕቃ ስለነበረ፣ ኢኳዶር ጋላፓጎስን እ.ኤ.አ. በ1832 የግዛቷ አካል ካደረገች በኋላ ከመጀመሪያዎቹ የገቢ ምንጮች አንዱ ይህን ላይከን ከዳርቻው እየለቀሙ መሸጥ ነበር። ሁላችንም በትምህርት ቤት አሲድና ቤዝ የለየንበት የሊትመስ ወረቀትም ከዚሁ ወገን የተገኘ ነው። በረኪናው ላይ ብቅ የሚለው ቀይና በወረቀቱ ላይ የሚታየው ቀለም የሚነሱት ከአንድ ዓይነት የኬሚካል ቤተሰብ ነው።

ሰንጢውን በአጭሩ ልለፈው፤ ለቅርፊት ይበቃል፣ ለድንጋይ አይረባም። ከድንጋይ ጋር እንደ ቀለም የተዋሐደ ላይከን ከነድንጋዩ ተፈልጦ እንጂ ተፍቆ ስለማይወጣ መሮና መዶሻ ያስፈልጋል፤ የደሴቱ ግማሽ መልኩ ጥቁር ድንጋይ በሆነበት አገር «ሙሉ» የሚለው ቃል ይህን ያህል ሊለጠጥ አይገባም ነበር። ፖስታዎቹ ግን በሚገባ የታሰበባቸው ናቸው። ላይከን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል፣ በወረቀት ውስጥ ግን ደርቆ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ በየፖስታው ፊት ቦታን፣ ከፍታን፣ የበቀለበትን ነገርና የሰብሳቢውን ቁጥር ለመጻፍ የተሰመረ ቦታ አለ። «የበቀለበት ነገር» የሚለው መስመር ለአንድ ቃል ብቻ መሆኑን አልወደድኩትም። በጋላፓጎስ የዛፉን ስም፣ ግንዱ የዞረበትን አቅጣጫና ጋሩዋ የሚባለው የቀዝቃዛው ወራት ጭጋግ ያገኘው እንደሆነና እንዳልሆነ መጻፍ የግድ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ በመኪና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከቁልቋል ምድር ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው፣ ስካሌዢያ የሚባለው ዛፍ ወደሚበቅልበት ደን ሲገባ፣ ግራጫውና ደረቁ የላይከን ዓለም ቀርቶ እርጥብ፣ ከሽበትና ከሣር የተሸመነ የሚመስል ሌላ ዓለም ይተካል። ናሙናው ከየትኛው እንደመጣ ያልተጻፈበት ፖስታ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል።

አሁን ወደ መጽሐፏ ልምጣ። ኅትመቷ ያማረ፣ ሥዕሎቿ ግልጽ ናቸው። ችግሯ የተጻፈችው ለቀዝቃዛው የአውሮፓ አየር ሆና ሳለ በሽፋኗ ላይ «ለዓለም ሁሉ የሚያገለግል» የሚል መጻፉ ነው። የመለያ ቁልፍ ማለት «ይህ አለው ወይስ የለውም» እያለ በየደረጃው ወደ አንድ ስም የሚያደርስ የጥያቄ ሰንሰለት ነው። የሰንሰለቱ ባሕርይ ደግሞ መቼም ቢሆን «አላውቅም» አለማለቱ ነው፤ ያልታሰበለትን ናሙና ይዘህ ብትገባም መጨረሻ ላይ አንድ ስም አስይዞ ያሰናብትሃል። በፓሎ ሳንቶ ግንድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ በዚህች መጽሐፍ ሳሳልፍ በሦስት ቀን ውስጥ የስኮትላንድንና የኖርዌይን ላይከኖች ከምድር ወገብ በታች «አገኘሁ»። ለሳቅ የሚሆን ነበር፣ ግን እንዲህ ያለው ስም በፎቶግራፍ ታጅቦ ወደ ኢንተርኔት የመረጃ ቋት ሲገባ ሌላው ሰው እውነት ብሎ ይገለብጠዋል።

ግራፊስ የሚባለው ወገን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ገጹ ላይ ጥቋቁር መስመሮች እየተጠማዘዙና እየተቀጠሉ ስለሚታዩ ስሙ ራሱ መጻፍ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እኔም በመጀመሪያ በመነጽር ባየሁት ጊዜ አንድ ደብተራ በችኮላ ጽፎት የሄደ ክታብ መስሎኝ ፊደል መፈለግ ዳድቶኝ ነበር። የቦርሳው መጽሐፍ ለዚህ ወገን የሰጠችው ስም አንድ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በሮበርት ሉኪንግና በባልደረቦቹ የታተመው ዓለም አቀፍ የመለያ ቁልፍ ግን ከ300 በላይ ዝርያዎች የያዘ ሲሆን፣ በ2010 ፍራንክ ቡንጋርትዝ፣ ሉኪንግና አንድሬ አፕትሩት ስለ ጋላፓጎስ የዚህ ቤተሰብ አባላት ብቻ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። ልዩነቱን የሚወስነው ደግሞ መነጽር የሚያሳየው ነገር ብቻ አይደለም። የመስመሩ (እሱ የፈንገሱ ፍሬ ነው) ከንፈር ለስላሳ ነው ወይስ በቁመቱ ተሰንጥቋል የሚለውን መነጽሩ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን በምላጭ ስስ ቁራጭ ቆርጦ ጥቁሩ ግድግዳ ከሥር ይገናኛል ወይስ ክፍት ነው፣ የፍሬው ንጣፍ በዘይት ነጠብጣብ የተሞላ ነው ወይስ ጥርት ያለ፣ ዘረ ብናኞቹ በአግድም ብቻ ተከፍለዋል ወይስ እንደ ግንብ ጡብ በሁለቱም አቅጣጫ የሚለውን በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ርዝመታቸውንም በማይክሮሜትር መለካት ያስፈልጋል። ኖርስቲክቲክ አሲድ ካለም በ«ኬ» ጠብታ ቢጫው ወደ ቀይ ተለውጦ በማይክሮስኮፕ ሥር ቀያይ የመርፌ ክሪስታሎች ሲፈጠሩ ይታያል።

ጠብታውም ቢሆን የመጨረሻው ዳኛ አይደለም። ተመሳሳይ ቀለም የሚሰጡ ብዙ አሲዶች ስላሉ እርግጡን የሚናገረው ክሮማቶግራፊ ነው፦ ከላይከኑ በአሴቶን የወጣውን ነገር በሲሊካ የተቀባ ሳህን ላይ ነጥቦ፣ ሳህኑን እንደ ቶሉዊን፣ ዳዮክሳንና አሴቲክ አሲድ ባለ ድብልቅ ውስጥ አቁሞ፣ ፈሳሹ ወደ ላይ ሲወጣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚደርስበትን ከፍታ መለካት፣ በመጨረሻም ሳህኑን በሰልፈሪክ አሲድ ረጭቶ በምድጃ ማሞቅ ነው። ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1970 መደበኛ መልክ ያስያዙት ቺሲታ ካልበርሰንና ሆርዱር ክሪስቲንሰን ሲሆኑ ዛሬም በላቦራቶሪዎች ይሠራበታል። ከ118 ዶላር ቦርሳ ይህን ሁሉ የሚጠብቅ የለም፤ ቢሆንም መጽሐፏ ከቦርሳው በኋላ የሚመጣ ሥራ እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አለማሳወቋ አንባቢዋን በሩ ላይ አቁማ ቤቱ ይኸው ነው እንደማለት ነው።

ሻጩ በማስታወቂያው መጨረሻ ላይ «ምናልባትም ለሳይንስ አዲስ የሆነ ዝርያ የሚያገኙት እርስዎ ይሆናሉ» ይላል። ሐሳቡ በሞቃታማ የውቅያኖስ ደሴት ላይ ከእውነት የራቀ አይደለም። ኮራ የሚባለው ጆሮ መሰል ላይከን ለረጅም ጊዜ በየአገሩ አንድ ዝርያ ነው ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት 126 ዝርያዎችን ለይቶበታል፣ ገና ያልተገኙት ተጨምረው ከ400 በላይ ሊሆኑ እንደሚችሉም ገምቷል። በ2017 ደግሞ በጋላፓጎስ ያሉትን የዚህ ዘመዶች የመረመረ ጥናት ከደሴቶቹ ውጭ የማይታወቁ በርካታ ዝርያዎችን አሳይቷል። ስለዚህ ደሴት ላይ የቆመ ሰው በሁለት ተቃራኒ ስህተቶች መካከል ነው ያለው፤ የደሴቱን ብቸኛ ልጅ በሩቅ አገር ስም መጥራት አንዱ ሲሆን፣ ብናኙ በነፋስ ውቅያኖስ ተሻግሮ በየሐሩሩ አገር የተዛመተውን የታወቀ ዝርያ «አዲስ አገኘሁ» ብሎ እንደገና መሰየም ሁለተኛው ነው። የቦርሳው መጽሐፍ ወደ መጀመሪያው፣ ማስታወቂያው ደግሞ ወደ ሁለተኛው ይገፋሉ።

ከሁለተኛው ስህተት የሚያድነው አድካሚ ሥራ ነው። አዲስ ስም ለማውጣት በሙዚየም ወይም በዩኒቨርሲቲ የዕፀዋት ክምችት ውስጥ ለዘለቄታው የሚቀመጥ አንድ መሠረታዊ ናሙና መሰየም፣ ልዩነቱን በላቲን ወይም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በተፈቀደው መሠረት በእንግሊዝኛ መግለጽ፣ ከ2013 ጀምሮም ስሙን በታወቀ የፈንገስ ስም መዝገብ አስመዝግቦ ቁጥር ማግኘት ግዴታ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስሙ ቀድሞ አለመሰጠቱን ለማረጋገጥ የጥንቶቹን መሠረታዊ ናሙናዎች ማየት ያስፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ ያሉት ላይከኖቹ በበቀሉበት አገር አይደለም። ከቀደሙት የላይከን ሊቃውንት መካከል የኒላንደር ናሙናዎች ሄልሲንኪ፣ የቫይኒዮ ቱርኩ፣ የዮሐንስ ሙለር ጄኔቫ ናቸው። በጭጋጋማ ደሴት ላይ ያለች አንዲት ግራጫ ቅርፊት ስሟን ለማወቅ በፊንላንድ መሳቢያ ውስጥ ባለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፖስታ ላይ መመካቷ መጀመሪያ ሲነገረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ለመግዛት ለሚያስቡ የምለው ይህ ነው። መነጽሩና ባትሪው ብቻቸውን ቢሸጡ 80 ዶላር ሳላቅማማ እከፍልባቸው ነበር፤ ሻጩ እንዲህ ነጣጥሎ ስለማይሸጥ ግን ተመሳሳይ ጥራት ያላቸውን ከሌላ ቦታ ለየብቻ ፈልጎ መግዛት ይሻላል፣ በተረፈው ገንዘብ ጥቁር ብልቃጥና መሮ ይገኛል። ፖስታውን ከማንኛውም ንጹሕ ወረቀት ማጠፍ ይቻላል። ስለ ጋላፓጎስ ዝርያዎች ደግሞ በሳንታ ክሩዝ ያለው የቻርልስ ዳርዊን የምርምር ጣቢያ የዕፀዋት ክምችት ያፈራቸውን ዝርዝሮችና በየወገኑ የታተሙትን ጥናቶች ማንበብ ከመጽሐፏ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ቱሪስት ሆኖ ለሚሄድ ሰው ሰንጢውም ብልቃጡም ጨርሶ አያስፈልጉትም፤ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለ ፈቃድ ምንም ነገር መቁረጥም ሆነ መውሰድ የተከለከለ ነው፣ ጠብታ ማንጠባጠብም ያው ጉዳት ነው። እንዲህ ላለው ሰው መነጽሩና ጥሩ ካሜራ ይበቁታል፤ ፎቶውን ሲያነሳ ማስመሪያውን ከጎኑ ያስቀምጥ፣ ዛፉንም በሙሉ ያንሳ።

በቁጥር 46 ፖስታ ውስጥ፣ ከፓሎ ሳንቶ ግንድ በሰሜን በኩል የወሰድኩት ግራፊስ አለ። ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ግድግዳው ከሥር ክፍት፣ በ«ኬ» ጠብታ የማይለወጥ ነው፤ በመጽሐፏ መሠረት ስሙን ለማግኘት አራት ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ቡድኑን ለሚመሩት ባለሙያ ሳሳያቸው ስሙን በእርሳስ ሰረዙትና «ግራፊስ» የሚለውን ብቻ አስቀርተው ፖስታውን ወደ ሳጥኑ መለሱት። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።